ነፋስ ሲነሳ «ተርባይን አቁሙ» ለሚሉት ኃላፊ

ክቡር የማስተላለፊያ መስመሮች ኃላፊ፣

ደብዳቤ ጽፌ ነበር፣ ደውዬም አስረድቻለሁ። ያገኘሁት መልስ «እናየዋለን» ነው። እንግዲህ ሌላውም ሰው አብሮ ይየው።

የምሠራው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው። ነፋሱ ጥሩ አድርጎ ሲነፍስ፣ ማለትም ልናመነጭ በሚገባን ሰዓት፣ ከእናንተ መቆጣጠሪያ ክፍል ይደወላል። «መስመሩ ሞልቷል፣ ቀንሱ።» እንቀንሳለን። ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ የናፍጣ ጣቢያ ይነሳል፣ የነዳጁንም ሂሳብ ደንበኛው ይከፍላል።

በምን ሂሳብ ነው የሞላው? መሐንዲስ ነዎት፣ ያውቁታል። ከረንት ሲበዛ ሽቦው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይረዝምና ይረግባል፣ ሲረግብ ለዛፉም ለሰዉም ይቀርባል። በዚህ የሚቀልድ የለም። ግን መስመሩ እስከ ስንት ከረንት እንደሚሸከም የሚወስነው ሰንጠረዣችሁ ላይ ያለው ቁጥር የተሰላው አየሩ 40 ዲግሪ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ፣ ነፋሱ ደግሞ በሰከንድ 0.6 ሜትር ነው ተብሎ ነው። 0.6 ሜትር! በዚህ ነፋስ ተርባይን ከነጭራሹ አይነሳም። ማለትም ቁጥራችሁ ልክ የሚሆነው እኛ ምንም በማናመነጭበት ቀን ነው፤ እኛን የምታስቆሙን ግን ያው ነፋስ ሽቦውን እያቀዘቀዘው ባለበት ሌሊት ነው።

መስመሩ በሸለቆ ሲያልፍ ነፋሱ አይደርሰውም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሊሆን ይችላል። ለዚህ እኮ ነው ሽቦው ላይ ተገጥሞ ሙቀቱንና መርገቡን በየደቂቃው የሚነግር መለኪያ ያለው። አንድ መስመር ቢወድቅ ሌላው እንዲሸከም የሚተወውንም መጠባበቂያ ንኩ አላልኩም። የአሜሪካ ፌዴራል የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 881 የመስመሮች አቅም ቢያንስ በወቅቱ የአየር ሙቀት ልክ እንዲሰላ አስገድዷል። እዚህ ግን «ደንቡ አይፈቅድም» እንባላለን። ደንቡን የጻፋችሁት እናንተ!

«አዲስ መስመር ታቅዷል» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ላም አለኝ በሰማይ። የመሬት ካሳው፣ ፈቃዱ፣ ክርክሩ ተደማምሮ አሥር ዓመት ቢፈጅ የሚገርመው የለም። የቆሙት የብረት ምሰሶዎች ላይ ግን የካርቦን ፋይበር እምብርት ያለውን ሽቦ መቀየር ይቻላል፤ ሙቀት ችሎ፣ ብዙም ሳይረግብ፣ የድሮውን እጥፍ ገደማ ይሸከማል። ጎረቤቱ መስመር ግማሽ ባዶ ሆኖ የእኛው ብቻ የሚጨናነቀው ደግሞ ኃይል በወረቀት ስለማይታዘዝ፣ እንቅፋቱ ባነሰበት ስለሚሄድ ነው። ኃይሉን ወደ ባዶው መስመር የሚያዞር ትራንስፎርመርም አለ፣ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ለጊዜው ግን ይህን ሁሉ ይተዉት። ያ ሰንጠረዥ መቼ እንደተሠራና ማን እንደፈረመበት ብቻ ይንገሩን። ከእንግዲህ «ሞልቷል» ተብሎ ሲደወል፣ ሽቦው አሁን ስንት ዲግሪ እንደሆነ እንጠይቃለን። ለደዋዩ መልሱን ከወዲሁ ይስጡልን፣ ሌሊት ላይ እሱን ማስጨነቅ አንፈልግም።