ስለ ኢንትሮው ጉዳይ ለደንበኞቻችን

ጤና ይስጥልን ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልኬ እረፍት የለውም። የሰራሁላችሁን ዌብሳይት ስትከፍቱ ያ ስማችሁ ከጉም ውስጥ እያበራ የሚወጣበት፣ ዋሽንት የሚነፋበት መግቢያ (ኢንትሮ የምንለው) የለም፣ ቀጥታ ዋጋና ስልክ ቁጥር ነው የሚመጣው፣ እና ብዙዎቻቹ ተናዳቹ ደወላቹ። ጅሩ ሰንጋ የሚያደልቡ አንድ ጋሼ «አንተ ልጅ፣ ገንዘቤን ከፍዬ ያሰራሁትን በር ነቅለህ የት ወሰድከው?» ብለው በቴሌግራም ድምፅ ላኩልኝ። ሶስት ጊዜ ሰማሁት። ሌላ ደንበኛችን ደግሞ ምንም ሳይሉ ዶሜይናቸውን (የዌብሳይት አድራሻቸውን ማለት ነው) አዲስ አበባ ወዳለ ድርጅት እንዳዛውርላቸው ጠየቁ፣ እሱ ከቁጣው በላይ ነው የተሰማኝ።

ሳልነግራቹ መንካቴ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ አርጉልኝ። ማንሳቱ ግን ጥፋት አይደለም፣ እሱን እከራከራለሁ።

ያንን ኢንትሮ ከማናችሁም በላይ የምወደው እኔ ነኝ። ይሄ ቤት የቆመው በሱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ዌብሳይት ምን ያረጋል በሚባልበት ጊዜ አንዲት ያገለገለች ኮምፒውተር ይዤ፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ (ብርዳችንን ታውቁታላቹ) ጭላዳ ከገደል ገደል ሲዘል የሚያሳይ መግቢያ በፍላሽ (ያኔ ተንቀሳቃሽ ስዕል በሚሰራበት ፕሮግራም) ሰራሁ። ጎፈሩ በነፋስ እንዲነሳ ብቻ አስራ አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ያንን ያየ ሌላ ሰው አመጣ፣ ያኛው ሌላ አመጣ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ከሸዋ ሮቢት እስከ መሀል ሜዳ ደንበኛ ያፈራነው። ከዛ ፍላሽ ራሱ ሞተ። አይፎን ከጅምሩም አልከፍትም ብሎ ነበር፣ በኋላ የፍላሽ ባለቤት አዶቤ በ2017 ላቆም ነው አለ፣ በ2020 መጨረሻ አቆመ (እ.ኤ.አ. ነው)፣ በቀጣዩ ጃንዋሪ 12 ደግሞ ማጫወቻው ጭራሽ አላጫውትም አለ። ያኔ የሁላችሁንም መግቢያ ወደ ቪዲዮና ጃቫስክሪፕት (ገጹን የሚያንቀሳቅስ ኮድ ነው) የገለበጥኩት በነፃ ነው። ማስታወሴ ለውለታ አይደለም፣ ግን ትንሽ ለውለታም ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ ወደ አንኮበር መውጫ ላይ ማረፊያ ባላቸው እትዬ ምክንያት ነው። ቢሮ መጥተው «እንግዳ ሁሉ በደላላ ነው የሚመጣው፣ ያንተ ዌብሳይት አንድ ሰው እንኳን አላመጣልኝም» አሉኝ። እስቲ እንየው ብዬ ስልካቸውን ተቀብዬ ጎግል ላይ ፈለግኩ። የለም። የድርጅታቸውን ስም ራሱን ስጽፍ ወጣ፣ ግን ምን ብሎ ወጣ መሰላቹ? ከላይ በትልቁ «እንኳን ደህና መጡ»፣ ከስር ማብራሪያ በሚሆንበት ቦታ «ኢንትሮውን ዝለል»። በቃ። አስራ ሁለት ክፍል፣ ሙቅ ውሃ፣ ፓርኪንግ፣ የፆም ምግብ፣ ሁሉም ጠፍቶ ጎግል ስለሳቸው የሚያውቀው ኢንትሮውን ዝለል የሚለውን ብቻ። እትዬ ሳቁ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ቃሏን የጻፍኳት እኔ ነኝ።

ነገርየው እንዲህ ነው። የጎግል ሮቦት፣ ማለትም ገጽ ለገጽ እየዞረ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ገጽ ላይ ሲደርስ ጽሁፍ ያነባል፣ ሊንክ ሲያገኝ ሊንኩን ተከትሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሰው ግን አይደለም፣ ቪዲዮው እስኪያልቅ ተቀምጦ አያይም፣ «ግቡ» የሚል ቁልፍም አይጫንም። ጃቫስክሪፕት አያነብም ማለት አይደለም፣ ያነባል፣ ግን የእኔ ቁልፍ ትክክለኛ ሊንክ ሳይሆን ሲነካ ብቻ የሚሰራ ኮድ ነበር፣ እና ሮቦቱ በር ላይ ቆሞ ሲመለስ ኖሯል። የጋሼ በር ነገር እዚህ ጋ ነው የገባኝ፣ በሩ ያምራል ግን ከውጪ እጀታ የለውም። ይባስ ብሎ ውስጥ ያለው የአማርኛ ጽሁፍ ግማሹ ስዕል ነው። ድሮ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ፊደላችን አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ ስለሚያስቸግር ጽሁፉን ፎቶ አርገን እንለጥፍ ነበር፣ ለአይን ጽሁፍ ነው፣ ለጎግል ፎቶ ነው።

ሌላው ክብደቱ ነው። የአንዳንዶቻችሁ መግቢያ 9 ሜጋባይት ይመዝን ነበር። ጎግል የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ነው ጥሩ የሚለው፣ የሚመዝነውም የስልኩን ገጽ ነው፣ የኛ ሰው ደግሞ ከሞላ ጎደል በስልክ ነው የሚያየው። አንድ ሰው ጣርማ በር ላይ ኔትወርክ እየቆራረጠበት፣ በገዛ ዳታው፣ ደብረ ሲና ሳይደርስ አልጋ ሊይዝ ሲፈልግ እኔ ዋሽንት አስነፋበታለሁ።

«ታዲያ ከኢንትሮው ስር ጽሁፉን በማይታይ ከለር ደብቀህ ለምን አታስቀምጥም» ያላችሁኝ ሁለት ሰዎች አላቹ። እውነቱን ልናገር፣ ድሮ አርጌዋለሁ፣ ነጭ ላይ በነጭ። ጎግል ያንን ማጭበርበር ነው የሚለው፣ ከነጭራሹ ከፍለጋው ሊያወጣቹ ይችላል። አልደግመውም።

አሁን ያረግነው፣ ዋናው አድራሻ ላይ ትክክለኛውን ገጽ አስቀመጥን። ምን እንደምትሰሩና የት እንዳላችሁ ከላይ በጽሁፍ አለ፣ ቁልፎቹ በሙሉ እውነተኛ ሊንክ ሆኑ፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ አለው፣ የሁሉም «እንኳን ደህና መጡ» መሆኑ ቀርቷል። ፎቶዎቹም ምን እንደሆኑ ከጀርባ ተጽፎላቸዋል። ደብረ ብርሃንን ሰው ደብረብርሀን ብሎም ይጽፋል፣ ሆቴል የሚለውን ትቶ አልጋ ወይ ፔንሲዮን ብሎ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቃሉን ደንበኛ በሚናገርበት አፍ ለመጻፍ ሞከርኩ፣ እዚህ ላይ ግን ከኔ በላይ የምታውቁት እናንተ ናቹ።

እንቅስቃሴውን ሙሉ በሙሉ አልገደልኩትም። ኢንትሮው እንዲመለስለት የሚፈልግ ካለ ጽሁፉ ቀድሞ ይወጣል፣ በቪዲዮው ቦታ አንድ ቀለል ያለ ፎቶ ይታያል፣ ከዛ ስሙ በስሱ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ሰው ሲነካው ብቻ። ወይ ደግሞ ሙሉውን ኢንትሮ «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ላይ አስገባለሁ። ሁለቱም በነፃ። ዋናው በር ላይ ግን አልመልሰውም።

በነፃ ስል ሞልቶኝ አይደለም። ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኪራይ) እና ዶሜይን የምንከፍለው በዶላር ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ በላይ ሆኗል፣ የእናንተን የዓመት ክፍያ ግን በዛ ልክ አልጨመርኩም። «ይሄ ልጅ ወጪ ሊቀንስ ነው ኢንትሮውን ያነሳው» የምትሉ እንዳላቹ ሰምቻለሁ። ቪዲዮው ቢነሳም ባይነሳም እኔ የምከፍለው ያው ነው፣ ይልቅ ለመቀየር ሁለት ወር ሌሊት ሰርተናል፣ መብራት በሄደ ቁጥር እንደገና እየጀመርን።

አንደኛ አወጣችኋለሁ አልልም፣ እንደዛ የሚል ሰው ካጋጠማችሁም ተጠንቀቁ። ጎግል አዲሱን ገጽ ተመልሶ እስኪያነብ ቀናትም ሳምንታትም ይወስዳል፣ ከዛ በኋላም ቦታ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። ሶስት ወር ብቻ ታገሱኝ። ዶሜይናቸውን አዛውር ያሉኝም ሰው ቁልፉን ባሉ ጊዜ አስረክባለሁ፣ የራሳቸው ንብረት ነው፣ ግን ከዛ በፊት አንድ ቀን ብቅ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል።

የእትዬ ገጽ ተነቧል። ትላንት ስማቸውን ስፈልግ ከስሩ «ሙቅ ውሃና ፓርኪንግ ያለው ማረፊያ» ይላል። ደንበኛ ጨመረላቸው ወይ አልጠየቅኳቸውም፣ ገና ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ አለሁ። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፣ የየራሳችሁን አብረን እንፈልገዋለን፣ ቡና ይፈላል፣ ዋይፋዩ ከሌለም በኔ ዳታ እናየዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን