የቅዳሜው የልጆች ታሪክ ፕሮግራም

ሰላም ቤተሰብ፣ የአሜሪካን ታሪክ በዘፈንና በወግ እናስተምር ያልነውን በፊስክ ጁብሊ ዘፋኞች፣ በጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች የመዝሙር ቡድን፣ እንጀምራለን። በፈረንጆቹ 1871 ናሽቪል ከተማ ያለው ትምህርት ቤታቸው ፊስክ ገንዘብ አልቆበት ሊዘጋ ሲል 9 ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ባርነትን ያዩ፣ ተነስተው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ዘፈኑ፣ ሰው ልቡን የሰጣቸው ደግሞ ወላጆቻቸው በባርነት ሲያዜሙት የኖሩትን መዝሙር ሲያወጡት ነው፣ በሰበሰቡት ብር የተሰራው የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ጁብሊ ሆል ዛሬም ቆሟል!! እኔ ልጆቹ ዓመተ ምህረት ከሚሸመድዱ ዜማውን ሰምተው "ለምንድነው የሚያሳዝነው?" ብለው ቢጠይቁን ይሻለኛል። ደግሞ አንዱ ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ ልክ እንደኛው ስለሆነ ቶሎ ይለምዱታል። ከበሮ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ወግ የሚችሉ እናቶችም አይቅሩብን እባካችሁ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እንጀምራለን።