ሜዳሊያዬ እናቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ዲግሪዬ ሬጅስትራር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የ12ኛ ክፍል ውጤቷ ቆንጆ ነው፤ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስልክ እየደወለ እንኳን ደስ አለሽ ብሏታል። እኔም ደወልኩ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «አጎቴ፣ ስኮላርሺፕ ፈልግልኝ» አለችኝ። የት? አልኳት። «የትም ይሁን፣ ብቻ ውጭ ይሁን።» ግቢ ውስጥ ገና አንድ ሌሊት እንኳ አላደረችም እኮ!

አልፈረድኩባትም። እኛ አገር ስኮላርሺፕ አገኘ ማለት ፓስፖርት አወጣ ማለት ነው። ቻይና፣ ቱርክ፣ ሃንጋሪ፣ ህንድ። «እገሊት እዚሁ ግቢዋ ሆና በጉብዝናዋ ስኮላርሺፕ አገኘች» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የግል ኮሌጆች አልፎ አልፎ ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፣ እሱን አልክድም። እኔ የማወራው አብዛኛው የድሃ ልጅ ስለሚገባባቸው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው።

የሚገርመው ድሮ ነገሩ በተቃራኒው ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1950 ዓ.ም. ለ200 አፍሪካውያን ተማሪዎች የትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ አስታወቁ። ተማሪዎቹም መጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኦኮ የተማሩት አዲስ አበባ ነው። ያኔ ስኮላርሺፕ ሰው ወደዚህ ያመጣ ነበር ማለት ነው። ለማንኛውም ይህን ያነሳሁት ለወሬ ያህል ነው።

ስለራሴ ላውራ። በ2006 ዓ.ም. ከአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ተመረቅሁ። ለማያውቅ ሰው፣ እኛ ግቢ አማካይ ውጤቱ (ጂፒኤ) ከ4.0 3.25 ያመጣ በማዕረግ፣ 3.50 ያመጣ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 እና ከዚያ በላይ ያመጣ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይባል ነበር። ስሜ ተጠራ፣ እልልታው ቀለጠ፣ አንገቴ ላይ ሜዳሊያ ጠለቀልኝ። እናቴ ከወግዲ ድረስ መጥታ ነበር። ሜዳሊያውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ሄደች። ከሳምንት በኋላ ደሴ ወርቅ ቤት ወስዳ ስንት ግራም እንደሚመዝን አስጠይቃለች! ሰውዬው ሳቀባት። እሷም እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ግን «ታዲያ ወርቅ ካልሆነ ለምን የወርቅ ሜዳሊያ ይሉታል?» ብላ ለጠየቀችኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም።

ቀጥሎ የመጣው ግን አያስቅም። ክሊራንስ ጨርሼ ሬጅስትራር መስኮት ስደርስ የተሰጠኝ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪ ነው። ኦርጅናሉ የሚሰጠው ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት ዕዳ) ተከፍሎ ሲያልቅ ነው ተባልኩ። መቼም ፈርመናል፤ 1ኛ ዓመት ስንገባ ወረቀቱን አድለውን በሰልፍ ነው የፈረምነው (ማን አንብቦ እንደፈረመ እግዜር ይወቅ)። ደንቡ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉውን፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ሐሳቡን አልቃወምም። ገበሬው በከፈለው ግብር ተምሬ እኔ ምንም አልከፍልም ብል ነውር ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። 3.9 ያመጣውም፣ በስንት ዋርኒንግ 2.0 ላይ ተንጠልጥሎ የወጣውም ዕዳቸው እኩል ነው። ገንዘብ ኖሮት ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለ። መምህር ለሚሆን ደግሞ ዕዳውን በአገልግሎት የሚወጣበት መንገድ አለ። ለጉብዝና ግን አንዲት መስመር የለችም። በገንዘብም በአገልግሎትም መክፈል ከተቻለ በውጤት መክፈል የማይቻለው ለምንድን ነው?

ሁለት ዓመት ሠርቼ ለማስተርስ ውጭ አገር አመለከትኩ። ኦርጅናል ዲግሪ አምጣ ተባልኩ። የቀረብኝ ዕዳ ወደ 15 ሺህ ብር ነበር፤ ደመወዜ ያኔ 3 ሺህ አይሞላም። ከዚህም ከዚያም ስበደር የማመልከቻው ቀን አለፈ። ሜዳሊያውን አሳይቼ ማለፍ የምችል መስሎኝ ነበር፣ ሞኝነቴ!

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ስሙን አልጠራም። በግቢ ቋንቋ ሰቃይ የምንለው ዓይነት ልጅ ነበር፤ እኔ ሦስት ቀን የማጠናውን እሱ አንዴ አንብቦ ይሰቅለዋል። 1ኛ ዓመት ሲያልቅ ከ3.8 በላይ ነበረው። ከቤት ብር የሚልክለት ሰው ግን የለውም። ካፌ ምግብ ያበላል እንጂ ሳሙና አይሰጥም። ፎቶ ኮፒ አለ፣ ሃንድአውት አለ፣ ጫማ አለ፣ ለፋሲካ አገር ቤት መሄጃ አለ። ታዲያ ምን አደረገ? የሰው አሳይመንት መሥራት ጀመረ። ላብ ሪፖርት በ30 ብር፣ ተርም ፔፐር በ100 ብር። ፈተና ሲደርስ ደንበኛ ይበዛል። ሌሊቱን የሰው ሲጽፍ አድሮ ጠዋት የራሱን ፈተና እያንቀላፋ ይፈተናል። ሲመረቅ 3.22 ነበር። ከማዕረግ በ0.03 ጎደለ። ስማችን ሲጠራ እሱ ከኋላ ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር፤ በነገራችን ላይ እሱ አሳይመንት ከሠራላቸው ልጆች አንዱ በማዕረግ ተመርቋል።

በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ለዚህ ልጅ ጭንቅላት ገንዘብ የከፈሉት ሰነፎቹ ብቻ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው አልከፈለም። ዕውቀቱ ፈላጊ እንደነበረው ግን ገበያው መስክሯል።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። 2ኛ ዓመት ላይ ከየዲፓርትመንቱ ጥሩ ውጤት ያላቸውን ጥቂት ልጆች ምረጡ፣ ቲቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) ይስጡ፣ ለሰጡበት ሰዓት ይከፈላቸው። ሥራ እንደሆነ ሞልቷል። የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ተማሪዎች አሉ። ፍሬሽማን ማትስ ላይ የሚወድቀው አለ። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ በፍርሃት እንቅልፍ ያጡ የጂሲ (ተመራቂ) ተማሪዎች ለቲቶሪያል ከየትም ይመጣሉ። ላብራቶሪ ውስጥ መምህሩን የሚያግዝ፣ ዕቃ የሚያዘጋጅ፣ ዳታ የሚመዘግብ ያስፈልጋል። ጓደኛዬ ያንኑ ጭንቅላቱን በመስኮት ሳይሆን በበር ይሸጠው ነበር። በዚያ ላይ ሲመረቅ ውጤቱ ታይቶ ኮስት ሼሪንጉ ይቀነስለት፤ ቢቻል ይሰረዝለት። ኦርጅናሉንም ከሜዳሊያው ጋር ያኔውኑ አስጨብጡት።

ሌላ አገር ያለውንም በጨረፍታ ላንሳ፤ አሜሪካን ላወድስ ፈልጌ ግን አይደለም። ሜሪላንድ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ስለ አንድ ስኮላርሺፕ አጫውቶኝ ነበር፤ ባነከር ኪ ይባላል፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ነው። ሙሉውን ያገኘ ልጅ የትምህርቱ፣ የዶርሙም፣ የምግቡም ይከፈልለታል፤ ለመጻሕፍት መግዣም ይሰጠዋል። እዚያ ኦነርስ የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። የእኛ ማዕረግ የሚነገረው የመጨረሻው ቀን፣ ጋዋን ለብሰን ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነው። የነሱ ብዙ ቦታ ገና ሲገቡ ይጀምራል፤ ትንሽ ክፍል፣ ከባድ ንባብ፣ ከፕሮፌሰር ጋር የሚሠራ ጥናት። ስዋርዝሞር የሚባል ትንሽ ኮሌጅ ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ጎበዞቹን በሴሚናር እያስተማረ መጨረሻ ላይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በመጡ መምህራን ያስፈትናቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛም ሳይጠቅም አይቀርም። የገዛ መምህርህ ሳይሆን የውጭ ሰው ሲፈትንህ «ግሬዱ የዘመድ ነው» የሚል ሐሜት ይቀንሳል።

ሐሜት ካነሳሁ አይቀር፣ የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። በውጤት ገንዘብ ከተከፈለ ውጤት ይሸጣል ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው፤ ግቢ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ግን አሁን በእጃችን ከግቢ ውጭ የሚዘጋጁ ሁለት መለኪያዎች አሉ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናና የመውጫ ፈተና። የአንዱ ውጤት ሲገባ፣ የሌላው ሲወጣ ከጂፒኤው ጋር ይታይ። ደግሞም የከተማ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ጠራርገው ይወስዱታል የሚል አለ። በዚህኛው እስማማለሁ። ስለዚህ የቤተሰብ አቅምም ይታይ። ሁለት ዓይነት ቢሆን ምን ይላችኋል? ክብሩ ለሁሉም ሰቃይ፣ ገንዘቡ ለቸገረው።

በጀት የለም እንዳትሉ። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ አይተናል፣ ሲፈለግ ይቻላል። የተማሪውም ቁጥር እንደ ድሮው አይደለም። የ12ኛ ክፍልን ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ያለፈው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነው። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ የቀረበትን ወንፊት ያለፈ ልጅ ሳሙና መግዣ አጥቶ አሳይመንት ሲሸጥ ማየት ያሳፍራል። ከእነዚህም ውስጥ የዲፓርትመንት አንደኞቹን ብቻ ነው እያልኩ ያለሁት።

ጊዜውም አሁን ነው። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ገብቶበታል፣ ሌሎችም ይከተላሉ እየተባለ ነው። ራስ ገዝ ማለት ዩኒቨርሲቲው ራሱን በራሱ ያስተዳድራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ክፍያ ይመጣል። ክፍያው ቀድሞ ከመጣና ስኮላርሺፑ «ወደፊት ይታያል» ከተባለ የእህቴን ልጅ የመሰሉት የት ይሄዳሉ? የስኮላርሺፕ ፈንድ ከክፍያው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ይውጣ። የቀድሞ ተማሪዎችንም ጠይቁን፣ እንሰጣለን። እኔ ከደመወዜ በየወሩ ለማዋጣት ዝግጁ ነኝ፤ ከተመረቅሁ ጀምሮ ግን ለዕዳ ካልሆነ በቀር ከግቢው አንድም ቀን ደውሎልኝ የሚያውቅ የለም።

እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጋዜጠኛ ልካችሁ አንድ ቁጥር ጠይቁልን። ባለፉት አሥር ዓመታት ሜዳሊያ አጥልቀው ከተመረቁት ውስጥ የስንቱ ኦርጅናል ዲግሪ እስከ ዛሬ ሬጅስትራር መደርደሪያ ላይ አለ? የኔን ባለፈው ዓመት ዕዳዬን ጨርሼ ሄጄ ነበር። ፋይሉ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል፣ ሰኞ ተመለስ አሉኝ። ዱከም ነው የምሠራው፣ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ፤ ሰኞ ፈቃድ አይሰጡኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከዱከም