ዛቻን መመርመር የመናገር ነፃነትን መጠበቅ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሴቶችን ከበይነ መረብ ጥቃት መጠበቅና ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሚጋጩ ተደርገው ሲጻፉ ደጋግመን እናነባለን። ክርክሩ ተናጋሪዋን ከመነሻው ረስቷታል። ስለ ሙስና የጻፈች ሴት የመደፈር ዛቻ ዘንቦባት ብዕሯን ስታስቀምጥ የተጣሰው የእሷ የመናገር ነፃነት ነው።

አዘርባጃናዊቷ የምርመራ ጋዜጠኛ ኸዲጃ ኢስማዪሎቫ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራዋን ካላቆመች በድብቅ የተቀረጸ የመኝታ ቤት ቪዲዮዋ እንደሚሰራጭ የሚዝት ደብዳቤ ደረሳት። እምቢ አለች፤ ቪዲዮውም ወጣ። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2019 ሲፈርድ ካሜራውን የተከለው መንግሥት ነው አላለም። ምርመራው በአግባቡ ባለመካሄዱ ግን ከግል ሕይወት መብቷ በተጨማሪ ሐሳብን የመግለጽ መብቷም ተጥሷል ሲል ወሰነ።

መድኃኒቱ ሰፊ የቅጣት ሕግ ማውጣት ነው ከሚሉት ጋር አንስማማም። እርግጥ ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 የብሔር፣ የዘርና የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳን ሲከለክል ፆታን አልጠቀሰም፤ ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው። ነገር ግን በዚሁ ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 መሠረት በሐሳብ መግለጽ ላይ የሚጣል ገደብ የሚጸናው በግልጽ ሕግ ሲደነገግ፣ ቅቡል ዓላማ ሲኖረው፣ አስፈላጊና ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። «ክብር» እና «ሥነ ምግባር» በሚሉ ልቅ ቃላት የተጻፈ ሕግ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ጥቃት አድራሹን በስም በጠራችው ሴት ላይ ነው።

ያለው ሕግ እንዲሠራ ማስረጃው ከመጀመሪያው ቀን ይያዝ። ሊንኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የአካውንቱ መለያ (የሚታየው ስም በቀላሉ ይቀየራል) በስክሪንሾት ይቀመጥ፤ ብሎክ ማድረግ ከዚያ በኋላ ነው። አቤቱታው በጽሑፍ ይግባ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ መውጣት አይገባም።

ያ ቁጥር ኋላ ላይ ወሳኝ ይሆናል። በሴቶች ላይ የሚደረግን መድልዎ ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲዳው (CEDAW) እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አማራጭ ፕሮቶኮል አለው፤ አገሩ ይህን ካጸደቀ የስምምነቱን አፈጻጸም ለሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ማመልከት ይቻላል፤ ኮሚቴው ግን አስቀድሞ የአገር ውስጥ መፍትሔ መሟጠጡን ይጠይቃል። ጉዳዩ ያለ አግባብ ከተጓተተ ይህ መስፈርት ይቀራል፤ መጓተቱን የሚያስረዳውም ያው መዝገብ ነው። ማመልከቻው ስም አልባ መሆን አይችልም፤ የአመልካቿ ማንነት ለመንግሥት የሚገለጸው በፈቃዷ ነው። ሕይወቷ አደጋ ላይ ከሆነ ኮሚቴው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜያዊ ጥበቃ እንዲደረግላት መንግሥትን እንዲጠይቅ በዚያው ማመልከቻ ላይ በግልጽ ይጻፍ።