ሚጡ ወደ አንቺ ልትመጣ ነው

ይድረስ ለእህት ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጋሼ ካረፉ ወዲህ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነበር ብዬ ማመካኘት እችል ነበር፤ ግን መስመሩ ከተመለሰ መቆየቱን አንቺም ታውቂያለሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ከእናትሽ ጋር ለቅሶ ተቀምጫለሁ፣ አርባቸውንም ውዬአለሁ፤ ለአንቺ የሚሆን ቃል ግን አጣሁ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። እንደዚያ እንደ ጣርማ በሩ ጊዜ ሁለት ሳምንት እንዳታኮርፊኝ ብቻ፤ አሁን ለኩርፊያ የሚሆን ጊዜ የለንም።

ሚጡ ልትመጣ ነው። አዎ፣ የእኛዋ ሚጡ! የሃንጋሪ መንግሥት የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች፤ ያውም አንቺ ባለሽበት በደብረጸን። ሁለት ዓመት ስለ ምግብ ደኅንነት ልትማር ነው። እማዬ የከተማውን ስም ስትሰማ «ደብረ ጽዮን ነው ያልሽኝ?» አለች። ባስተካክልላትም አልሰማችኝም። «ልጄ ከደብረ ብርሃን ወጥታ ደብረ ጽዮን ልትገባ ነው» እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። መልስ ያልሰጠሁባቸውን ደብዳቤዎችሽን ለሚጡ አነብላት ነበር። አንቺን ሳላስፈቅድ። የወሩ ገንዘብ 43,700 ፎሪንት መሆኑን፣ ለትምህርቱ እንደማይከፈል፣ የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ ለማይኖር ተማሪ ደግሞ 40,000 ፎሪንት እንደሚጨመርለት በቃሏ ትወጣዋለች። አንድ ቁጥር ትራም ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ ጫካው አጠገብ ካለው ዩኒቨርሲቲ እንደሚያደርስ፣ ታኅሣሥ ላይ ገና በአሥር ሰዓት እንደሚጨልም፣ ሁሉንም ካንቺ ተምራለች። ማመልከቻውን የሞላችው በደብዳቤሽ እየተመራች ነው። እኔ ለላኪዋ «ደረሰኝ» እንኳን ሳልል፣ እህቴ በጽሑፍሽ መንገድ አገኘች። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ደጋግማ የምታስነብበኝ አንድ ደብዳቤ ነበር። እዚያ አገር የቤተሰብ ስም እንደሚቀድም፣ የማደሪያው ዘበኛም ጠዋት ማታ በጋሼ ስም እንደሚጠራሽ የጻፍሽው። ያኔ ሁለታችንም ስቀን ነበር። ጋሼ ካረፉ በኋላ ግን ብቻዬን ሆኜ አነበብኩት። በየቀኑ በእርሳቸው ስም ሲጠሩሽ ምን ይሰማሽ ይሆን እያልኩ… ተይው። በወረቀት የሚሆን አይደለም።

ፎርሞቹ ላይ ሁሉ የእናት ስም ይጠይቃሉ ብለሽም ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ «የኔን ስም ምን ያደርጉበታል?» ብላ ደነገጠች። ከዚያ በእነርሱ ፊደል ጽፌ እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ፊደል እንደማትቆጥር ታውቂያለሽ። ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችውና አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። እስካሁን እዚያው ነው።

ቤታችን ከሰሞኑ በሻንጣ ተጠምዷል። የአውሮፕላን ቲኬቱን የትምህርት ዕድሉ ስለማይሸፍን የዕቁብ ጓደኞቼ ተራቸውን ለቀቁልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እማዬ ደግሞ የአያታችን የመንዝ ባና ካልገባ ብላለች። ያንን ጥቁሩን፣ ጭስ ጭስ የሚሸተውን። ከእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አውጥተነው ሰባት ኪሎ ሆነ። አንዱ ሻንጣ የሚይዘው 23 ኪሎ ነው፤ ልብሷ፣ ሽሮው፣ በርበሬው የት ይግባ? ቅቤውንስ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ወደዚያ ማስገባት ክልክል መሆኑን ነግሬ አስተውኳት። ያንቺ ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መቅረቱን ስነግራት፣ «ታዲያ ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ቅቤ ኖረች?» ብላ እንባዋ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሶውን በሁለት ፌስታል እያደረገች ነው። አንዱ ያንቺ ነው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ብርዱን አልፈራላትም፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። የምፈራው ዝምታዋን ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሳምንት ታማ ተኝታ የሰማነው ከዳነች በኋላ ነው። የሚከፍሉላት ገንዘብ ቢያጥራት ጾም ነው ብላ ትውላለች እንጂ አትናገርም። ስለዚህ እንዴት ነሽ ብለሽ አትጠይቂያት፤ ድስቷን ክፈቺና እዪ። ደግሞ ይህን ያዢልኝ፦ «ደህና ነኝ» የምትለው ቶሎ ብላ ከሆነ ደህና አይደለችም። ቀስ ብላ ካለች እውነቷን ነው።

የምትበረው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥተሽ ትቀበያታለሽ? ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ካንቺ ሌላ ማንን ልጠይቅ? የመኖሪያ ፈቃዱንም፣ የባንክ ደብተሩንም አንዴ አብረሻት ብትዞሪ ከዚያ በኋላ ራሷ ትወጣዋለች፤ ጎበዝ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ እናትሽ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሳጥኑን ስትከፍት የጋሼን ጋቢ አየሁት፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ ከላይ ተቀምጧል። ብትፈልጊው ደስ እያላት እንደምትሰጠኝ ነግራኛለች። መጻፍ ካልሆነልሽ «አዎ» ብቻ በዪኝ። ባናውን አስወጥቼ እርሱን አስገባለሁ፤ እማዬን እኔ አሳምናታለሁ።

ያንቺው