አየሩ ለምን አነሰ ላልሽው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤
ለጤናሽ እንደምን አለሽ? በሳንባ ምች ሐኪም ቤት የተኛውን አጎቴን ጠይቀሽ ወደ ዘጌ ከተመለስሽ ወዲህ፣ በሚተነፍስለት ማሽን ላይ ያየሽው የአየር ልክ ቁጥር እንቅልፍ እንደነሳሽ እህቴ ነገረችኝ። «ለዚያ ለሚያህል ሰውዬ ይቺን ታህል አየር!» ብለሻል አሉ። እማዬ፣ አየሩ ያነሰው ቸል ተብሎ አይደለም።

የሳንባ ምች እንዲህ ሲጠና አብዛኛው ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፣ ይሟሽሻል፤ አየር የሚቀበለው የሕፃን ሳንባ የሚያህል ብቻ ይቀራል። ማሽኑ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየገፋ ነው የሚያስገባው። ብዙ ከገፋን አየሩ ሁሉ ወደዚያች ደህና ቁራሽ ሄዶ ይለጥጣታል፤ ትቆስላለች፣ ታብጣለች፣ ሲብስም ተቀድዳ አየሩ ደረት ውስጥ ይፈስሳል።

ልኩን የምናወጣው ከቁመቱ ነው፤ ሰው ቢወፍር ሳንባው አያድግም። ከወንድ ቁመት በሴንቲ ሜትር 152.4 ይቀነሳል፣ የቀረው በ0.91 ተባዝቶ 50 ይደመርበታል፤ ለሴት የሚደመረው 45.5 ነው። አጎቴ 170 ነውና በቁመቱ ልክ 66 ኪሎ ይወጣለታል፤ ለኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲታሰብ ያየሽው 400 ገደማ ይመጣል። በሚዛን 85 ኪሎው ብንሄድ ኖሮ 510 እንገፋበት ነበር! እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በ861 ሕሙማን ላይ በወጣው ጥናት፣ ለኪሎ 6 ከተሰጣቸው ውስጥ፣ 12 ከተሰጣቸው ይልቅ ከመቶ 9 ያህል ተጨማሪ ሰው ተርፏል።

አየሩ ሲያንስ የተቃጠለው አየር ደም ውስጥ ትንሽ ይከማቻል። ትንፋሹን በደቂቃ እስከ 35 እያበዛን እናካክሳለን፤ ደሙ እጅግ አሲድ ካልሆነ የቀረውን እንታገሣለን። ትንፋሹ ገብቶ ለአፍታ ሲያዝ የሚለካው ግፊት ግን ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) እንዳያልፍ እንጠነቀቃለን። የደሙ ኦክስጅንም ከመቶ ከ88 እስከ 95 ይበቃዋል፤ 100 አለመሆኑ አያስደንግጥሽ።

በሆዱ ያስተኛነው ጀርባው በኩል የሟሸሸው እንዲከፈት ነው፣ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 16 ሰዓት። ፊቱ ያበጠው ከዚያ ነው፤ ይጎድላል።

ከሁሉ የምፈራው መብራት ጠፍቶ የማሽኑ ባትሪ የከዳ እንደሆነ ነው። ያኔ በአምቡ ባግ፣ ማለትም በሚጨመቅ የአየር ከረጢት፣ በእጅ እንተነፍስለታለን። የአዋቂው ከረጢት ከ1 ሊትር በላይ ይይዛል፤ የደነገጠ እጅ አሟጦ ከጨመቀው ስንጠብቀው የሰነበተውን ሳንባ ባንዴ ይጎዳዋል። ደረቱ ከፍ ማለት ሲጀምር እጅን መግታት ነው። ቱቦው ከማሽኑ ሲላቀቅም ሳንባውን ከፍቶ የሚይዘው ግፊት ያመልጣል፤ ሲስተር ቱቦውን በመቆንጠጫ ይዛ የምታላቅቀው ለዚሁ ነው።

ቅዳሜ በጀልባ ስትመጪ በጀርባው ተኝቶ ካገኘሽው፣ ራስጌው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ማለቱን እይልኝ። ዝቅ ካለ የአፉና የሆዱ ፈሳሽ ወደ ሳንባው ይወርዳል። እኔ ተረኛ ካልሆንኩ ለነርሷ ንገሪያት፤ ደስ ብሏት ታስተካክለዋለች።

ልጅሽ፣ ከባሕር ዳር