ስለ ተንደርቦልትም ጻፉልን

ሰላም ለናንተ ይሁን አዘጋጆች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። የመኪና ገፃችሁን ሁሌ አነባለሁ ግን ወሬው ሁሉ ዋጋና ቀረጥ ሆነ፣ ታሪክስ? ፎርድ በ1964 እ.ኤ.አ. ለድራግ ውድድር (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ብሎ የሰራው ተንደርቦልት የሚባል መኪና አለላችሁ፣ 100 ያህል ብቻ ነው የተሰራው። ፌርሌይን የምትባለዋን መኪና ወስደው 7 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ጠቀጠቁባት፣ ክብደት እንዲቀንስ ኮፈኑን በፋይበር ግላስ ቀየሩት፣ ከፊት መብራቶቹ የውስጠኞቹን ሁለቱን አውጥተው በቀዳዳው ለካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ለሚያቀላቅለው ክፍል) አየር አስገቡበት፣ ባትሪውን ደሞ የኋላ ጎማ መሬት እንዲቆነጥጥ ብለው ወደ ኋላ ዕቃ መጫኛው ወሰዱት። ወላሂ ይሄ ነው ምህንድስና! 400 ሜትሯን ከ12 ሰከንድ በታች ትጨርሳታለች። የደሴና የኮምቦልቻ ጋራዥ ልጆች እንዲህ ያለውን ቢያነቡ ስንቱን ይማሩበት ነበር፣ እባካችሁ አንድ ገፅ ስጡት።